ሰሚውን የሚሰማው ማን ነው?

የሌላውን ኀዘን እንዲያዳምጥ የተጠራ ሰው የሰማውን ሁሉ ወዴት ያኖረዋል? በልቡ ቢይዘው ይከብደዋል፤ ለሌላ ቢነግረው ምስጢር አባካኝ እንዳይሆን ይሰጋል። ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመረምረው የወደድነው ይህን ጥያቄ ነው።

የምክር አገልግሎት ሙያ ለዚህ ጭንቀት ያበጀው ሥርዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ1920 በበርሊን በተከፈተውና ማክስ አይቲንጎን በመራው የሥነ ልቡና ትንተና ክሊኒክ፣ ጀማሪው ሐኪም ሥራውን በልምድ ለበሰለ ባለሙያ እያቀረበ እንዲማር ተደረገ። ልማዱ በኋላ ወደ አማካሪዎች፣ እንዲሁም እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል እ.ኤ.አ. በ1942 ስያሜውን ወዳወጣለት የሥነ ጥበብ ሕክምና ተሻገረ። ዛሬም የብሪታንያ የምክርና የሥነ ልቡና ሕክምና ማኅበር ዕውቅና የሰጠው አማካሪ፣ የቱንም ያህል ዘመን ቢያገለግል፣ በወር ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል የሙያ ክትትል እንዲያገኝ ይጠበቅበታል።

ጥቅሙን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሕፃን በር የሌለው ቤት ሣለ እንበል። አባቷን በልጅነቷ ያጣች ባለሙያ ሥዕሉን አይታ፣ «ይህ ልጅ ዓለም ተዘግቶበታል» ስትል ታዝናለች። የሚከታተላት አንጋፋ ባለሙያ ግን፣ «ይህን የነገረሽ ልጁ ነው ወይስ የራስሽ ኀዘን?» ብሎ ይጠይቃታል። ምናልባት ልጁ በሩን ሳይሥል ሰዓቱ አልቆበት ይሆናል። ዓይን ሁሉን ሲያይ ራሱን አያይም።

ሆኖም ሕፃኑ ሥዕሉን የሰጠው ለእርሷ እንጂ ለሦስተኛ ሰው አይደለም የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ስለዚህም ልጁና ወላጆቹ ይህን ሥርዓት አስቀድመው ሊያውቁት፣ ስሙ ሊሰወር፣ ከሚያስፈልገው በላይ ሊነገር የማይገባ፣ የሚሰማውም በዚያው ምስጢር የታሰረ መሆን አለበት። ይህ ከተጠበቀ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ሐሜተኛ የባልንጀራውን ነውር ያወራል፣ ባለሙያዋ ግን የራሷን ሥራ ለምርመራ ታቀርባለች።

አንድ አደጋ ግን ይቀራል። የሚከታተላት ሰው ከሥራ ሊያሰናብታትም የሚችል አለቃዋ ከሆነ፣ ስሕተቷን መደበቅ ትጀምራለች፤ የተደበቀው ስሕተት ዋጋም የሚከፈለው በሕፃኑ ነው። እንግዲህ ክትትሉ ያለ ፍርሃት እውነት የሚነገርበት ካልሆነ በስም ብቻ የቀረ ነው እንላለን። ብቻችንን ሆነን ሌላውን ልንሸከም እንችላለን ማለት ብርታት ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ብርታት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እኛ ሳንሆን ሊረዳ ወደ እኛ የመጣው ነው።