የደረቀውን አበባ ቁረጡት

 

በመሐል ሜዳ ወይም በሞላሌ ያደገ ሰው የመንዝን ብርድ ያውቀዋል። እዚያ ደጃፍ ላይ በጣሳ ጄራኒየም መትከል ቀላል አይደለም። አበባው ውርጭ አይችልም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ካደረ ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ማታ ማታ ወደ ቤት የሚያስገባው ይፈልጋል። ውሃም የሚጠማው የላዩ አፈር ሲደርቅ ነው። ሳምንት ረስተውት አንድ ቀን በባልዲ ቢያፈሱበት ካሣ አይሆነውም፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መቁረጡ ነው። የደረቀው አበባ ከነዘንጉ ካልተነሳ ተክሉ ጉልበቱን ወደ ዘር ያዞራል፤ አዲስ እምቡጥ ያንስበታል። ትናንት ያማረውን ስትቆርጡለት ነገ ያብባል።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። እኛስ ላይ የደረቀ አበባ የለም? ከሁለት ዓመት በፊት ለጓደኛችን የከፈልነውን የትምህርት ቤት ክፍያ ዛሬም እናነሳበታለን። በረመዳን ቁርኣን አኽትመናል እያልን ሸዋል ከገባ ወዲህ ሙስሐፉን አልገለጥንም። ያ ሥራ ያን ጊዜ ውብ ነበር። ዛሬ ግን መቀመጫ አድርገነዋል።

«መልካም ሥራን መርሳት ውለታ ቢስነት አይሆንም?» የሚል ይኖራል። መቁረጥ መካድ አይደለም። ሥራው ለአላህ ከነበረ እርሱ ዘንድ ተመዝግቧል፤ እኛ ተሸክመን ማሳየት አይጠበቅብንም። አልሐምዱሊላህ ብለን ወደ ቀጣዩ እንለፍ። ሱረቱል በቀራህም ሰደቃን በመመጻደቅ ከማበላሸት ያስጠነቅቀናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ አላህ ዘንድ ይበልጥ የሚወደደው ሥራ ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል።

እዚያው መንዝ ያለውን ጓሳ አስቡት። ማኅበረሰቡ ለዓመታት እየዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ እየከፈተ እያጨደ ለመቶዎች ዓመታት ጠበቀው። ከ1967 የመሬት አዋጅ በኋላ የጥበቃው ሥርዓት ሲፈርስ ግን ጓሳው ተጎዳ። የአባቶች ጥበቃ ብቻውን አላዳነውም፤ ልጆቹ እንደገና ተነስተው መጠበቅ ነበረባቸው።

ዛሬ ከዐስር በኋላ አንድ የደረቀ አበባ ቁረጡ፦ ደጋግማችሁ የምታወሩትን አንድ ውለታ ዳግም ላታነሱት ለራሳችሁ ቃል ግቡ። በቦታው ከፈጅር በኋላ አንዲት ገጽ ቁርኣን ለመቅራት ነይቱ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም።

አላህ ኢስቲቃማን ይወፍቀን። አሚን።