ታማሚ ባለዕዳ ነውን?

ሰው በመንገድ ላይ እንቅፋት ሲመታው አጠገቡ ያለው አማርኛ ተናጋሪ «እኔን!» ይላል። ቃሉ ከአፍ የሚወጣው ሳይታሰብ ነው፤ ሲመረመር ግን ጥልቅ ነው። ማዘን ብቻ አይደለም፤ ማጽናናትም ብቻ አይደለም። «ጕዳቱ አንተን ትቶ እኔን ባገኘኝ» የሚል፣ ሳይሞላ የተቆረጠ ምኞት ነው። የዘወትሩ ሰላምታም ከዚህ አይርቅም። «ጤና ይስጥልኝ» የሚል ሰው ጤናን የሚለምነው ለሌላው ነው፤ ነገር ግን «ልኝ» በምትለው ትንሽ ቅጥያ ውለታውን በራሱ ስም ያስመዘግበዋል። ለአንተ የተሰጠ ጤና ለእኔ የተዋለልኝ ነው እንደ ማለት ነው።

ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው አነጋገር ግን ሌላ ነው። ሕመሙ ወራትን ተሻግሮ ዓመታትን መቁጠር ሲጀምር፣ ልጆቹ ሥራቸውን እያቋረጡ ሲያመላልሱት፣ የቤቱ ጥሪት ለመድኃኒት ሲያልቅ፣ ከአፉ የማይጠፋው «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለው ነው። ጤነኛው «ልኝ» ያለውን ታማሚው «ባችሁ» አለው። የመጀመሪያው የበጎ ውለታ ቅጥያ ነው፤ ሁለተኛው የጕዳት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ተቀምጧል። ሰው በወዳጆቹ ድካም ዓመታትን ሲኖር ባለዕዳ ይሆናልን? ከሆነ ዕዳው በምን ይከፈላል? ካልሆነስ የተቀበለው ነገር ምን ይባላል?

የማይሄድ እንግዳ

በአፍሪቃ ቀንድ ሕዝቦች ዘንድ ሕመምተኛን መጠየቅ የተከበረ ግዴታ ነው። ወጉ ግን በአመዛኙ የተሠራው ለአጭር ሕመም ነው። አጭር ሕመም ሁለት መጨረሻ አለው፤ ወይ ሰውየው ይድናል፣ ወይ ይሞታል። ለዳነው «እንኳን ማረህ»፣ ለሞተው ቤተሰብ «ያጽናችሁ» የሚባል የተዘጋጀ ቃል አለ። ፈጽሞ ለማይለቅ፣ ቶሎም ለማይገድል፣ ከሰው ጋር ለዐሥርና ለሃያ ዓመት አብሮ ለሚያድር ሕመም ግን የተዘጋጀ ቃል የለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የሆስፒታሉ ክፍል በጠያቂ ይሞላል፤ በስድስተኛው ወር ስልክ ይደወላል፤ በሦስተኛው ዓመት ታማሚውና አስታማሚው ብቻቸውን ይቀራሉ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ወጉ እስከዚያ ድረስ ስለማይዘልቅ ነው።

የኩላሊት ሕመም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙ ጊዜ ከስኳር ወይም ከደም ግፊት ተነሥቶ፣ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ፣ ኩላሊቶቹ ሥራቸውን ወደ ማቆም ሲደርሱ ይገለጣል። ከዚያ ወዲያ በሕይወት የሚያቆየው እጥበት፣ ማለትም ዲያሊሲስ፣ አለዚያም ንቅለ ተከላ ነው። እጥበቱ በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጤነኛ ኩላሊት በሳምንቱ 168 ሰዓታት ሁሉ ይሠራል፤ መሣሪያው የሚሠራው በ12ቱ ብቻ ነው። የቀሩትን 156 ሰዓታት የሚሸፍነው የታማሚውና የቤተሰቡ ጥንቃቄ ነው። ክፍያው ከኪስ በሚወጣበት አገር ደግሞ ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት ዝቅ የሚያደርጉ ጥቂት አይደሉም።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ከወጥ ቤት ነው። ውኃ በብርጭቆ ይለካል፤ ጨው ይቀነሳል። ድንቹ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋል፤ በውስጡ ያለው ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲከማች የልብን ምት እስከ ማቆም ይደርሳልና። ጠያቂ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚመጣው ብርቱካንና ሙዝም በዚሁ ምክንያት ለኩላሊት ታማሚ የሚከለከል ወይም በጥብቅ የሚለካ ነው። ሐኪሞች ደም ቅዳውንና ደም መልሱን በቀዶ ሕክምና ባገናኙበት ክንድ ከባድ ዕቃ አይነሣበትም፤ የደም ግፊት አይለካበትም፤ ጠባብ ሰዓት አይታሰርበትም። ሚስት ወይም ልጅ ማታ ማታ ጣታቸውን በክንዱ ላይ አሳርፈው የደሙ ንዝረት መኖሩን ያዳምጣሉ። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ግን የተማረ ፍቅር ነው። ሳይጠይቅ ብርቱካን ይዞ የመጣውም ወዳጅ ይወዳል፤ ውድዱ ግን ገና ታማሚውን አላወቀውም።

ታማሚው ሆስፒታል ሲተኛ የአስታማሚው ሥራ ይበዛል። በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ወደ ፋርማሲ የሚዞረው፣ የላቦራቶሪ ውጤት ተከታትሎ የሚያመጣው፣ ምሳ ዕቃ የሚያመላልሰው፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር ጋቢ ለብሶ የሚያንቀላፋው እርሱ ነው። አማርኛ ይህን ሰው የሚጠራበት ቃል ከሕመሙ ቃል የተወለደ ነው፤ ታማሚና አስታማሚ ከአንድ ሥር ይበቅላሉ። በቋንቋው አስተሳሰብ ማስታመም ከሕመሙ ውጪ ቆሞ መርዳት አይደለም፤ ከሕመሙ ውስጥ አንድ ድርሻ መያዝ ነው።

ሁለት መልሶች፣ ሁለቱም ጎደሎ

«ታማሚ ባለዕዳ ነውን?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ «አዎን» የሚል ነው። እናት አሳደገች፤ ልጅ ይጦራል። ወንድም አበደረ፤ ወንድም ይመልሳል። መልሱ እውነት አለው፤ ነገር ግን ዕዳ ልክ አለው፤ ተከፍሎም ያልቃል። ለሦስት ዓመት የተነቀለ እንቅልፍ በምን ይሰፈራል? ከልጅነቱ ጀምሮ የታመመ፣ ለማንም ምንም ያላበደረ ልጅስ በምን መብቱ ይታከማል? የዕዳ ስሌት እስከ መጨረሻው ከተኬደበት «ይህ ሰው ምን ይጠቅማል?» ወደሚል ጥያቄ ያደርሳል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካዋ ሲያትል ሐኪሙ ቤልዲንግ ስክሪብነር ታማሚን ደጋግሞ ለማጠብ የሚያስችል ዘዴ ሲያገኝ፣ መሣሪያው ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ ሆነ። በ1962 ስማቸው ለሕዝብ ያልተገለጸ ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ማን እንደሚታጠብ ይወስን ነበር። ከመዘኗቸው ነገሮች መካከል የታማሚው ሥራ፣ ገቢው፣ ትምህርቱ፣ ጋብቻውና የሚያስተዳድራቸው ሰዎች ብዛት ይገኙበት ነበር። ነገሩ በዚያው ዓመት በጋዜጠኛ ብዕር ሲወጣ ብዙዎችን አስደነገጠ። ኮሚቴዎቹ ጨካኞች ስለነበሩ አይደለም፤ ሰው በሚሰጠው ጥቅም ሲመዘን ምን እንደሚመስል ስላሳዩ ነው። አገሪቱ በ1972 ባወጣችው ሕግ የእጥበትን ወጪ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች መንግሥት እንዲሸፍን ስታደርግ፣ «ማን ይገባዋል?» የሚለው ጥያቄ በኮሚቴ ፊት መቅረቡ እያበቃ ሄደ።

ሁለተኛው መልስ «ዕዳ የለም፤ የሚሰጠው ምጽዋት ነው» የሚል ነው። ይህም ደግ ይመስላል። ነገር ግን ምጽዋት ሰጪን ከላይ፣ ተቀባይን ከታች ያስቀምጣል። ሁልጊዜ ከታች ሆኖ የሚቀበል ሰው ውሎ አድሮ የቤቱ ባለቤት መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ጉዳይ ይሆናል። በፊቱ ስለ እርሱ በሦስተኛ ሰው ይወራል፤ «በላ? ተኛ? መድኃኒቱን ወሰደ?» እየተባለ። ሐኪሙ የሚነግረው ለልጁ ነው፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ወንድሙ ነው። ሰውየው ግን ኩላሊቱ እንጂ አእምሮው አልደከመም።

የሄሪክ ወንድማማቾች

ሁለቱም መልሶች እንደማይበቁ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ በዶክተር ጆሴፍ መሬ የተመራ ቡድን ሮናልድ ሄሪክ ከተባለ የ23 ዓመት ወጣት አንድ ኩላሊት ወስዶ ሊሞት ለተቃረበው መንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከለ። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይህ ነው። «እኔን!» የሚለው ምኞት ለአንድ ጊዜ ወደ ሥጋ ተለወጠ ሊባል ይችላል፤ ጤነኛው ሰው በገዛ ፈቃዱ ከታማሚው ቁስል ድርሻውን ወሰደ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ሌሊት ግን ሪቻርድ ለወንድሙ ማስታወሻ ላከ፤ ሆስፒታሉን ትቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ የሚጠይቅ። ሮናልድም እንደማይሄድ መልሶ ጻፈ። ዓለም የሚያደንቀው የሮናልድን መልስ ነው፤ የሪቻርድ ማስታወሻም ግን ያንኑ ያህል ክብር ይገባዋል። ሞት ደጁ ላይ ቆሞ ሳለ ለወንድሙ በሩን ከፈተለት። ሮናልድ መቅረቱ ስጦታ የሆነው መሄድ ይችል ስለነበር ነው። በሩ ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮ ኩላሊቱ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ግብር በሆነ ነበር። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ በሆስፒታሉ ካስታመመችው ነርስ ጋር ተጋብቶ ልጆች ወለደ። ሮናልድ በአንድ ኩላሊት እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ኖረ። ዶክተር መሬም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ረኔ ፎክስና ጁዲት ስዌዚ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ንቅለ ተከላን ለብዙ ዓመታት ካጠኑ በኋላ በተቀባዩ ላይ የሚወርደውን ስሜት «የስጦታ አምባገነንነት» ብለው ሰይመውታል። ስጦታው ሊመለስ የማይችል ስለሆነ ተቀባዩ ለሰጪው የሚገዛበት፣ ሰጪውም በተቀባዩ ሕይወት ላይ ባለመብት ነኝ የሚልበት ጊዜ አለ። ጥያቄው ከኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. ንቅለ ተከላ ሲጀመር፣ የተጀመረው ሕያው የሆነ የቅርብ ዘመድ በሚለግሰው ኩላሊት ነው። እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ ክብ ሠርቶ ይቀመጥና ዐይኖች ሁሉ ወደ አንድ ልጅ ይዞራሉ፤ ወደ ታናሹ፣ ወይም ትዳር ወዳልያዘችው። ማንም «ስጪ» አላላትም፤ «አልሰጥም» የምትልበት ቦታ ግን የለም። ጥሩ ሐኪም ለጋሹን ለብቻው አስጠርቶ የሚያነጋግረው፣ «አይሆንም» ቢልም ምሥጢሩን የሚጠብቅለት ለዚህ ነው። ሕጉና ሐኪሙ የሚያደርጉትን ቤተሰብም ሊያደርገው ይገባል።

መቀበልም ሥራ ነው

ሦስተኛው መልስ ከዚህ ይነሣል። መስጠት ምግባር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መቀበልም ምግባር መሆኑ ግን አይነገርም። በሰው ጀርባ በአንቀልባ ያልታዘለ፣ ከመጠየቁ በፊት ያልጎረሰ ሰው የለም። ስለዚህ መታመም አንድን ሰው ለብቻው ተቀባይ አያደርገውም፤ ተቀባይነቱን እንደገና ያሳየዋል እንጂ። የሚለየው በሕፃንነት ሳያውቅ የተቀበለውን አሁን እያወቀ መቀበሉ ነው። ይህ ደግሞ ይከብዳል፤ ሥራም አለበት።

የታማሚ የመጀመሪያ ሥራ እውነት መናገር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ለሐኪም ብቻ የተነገረ አይደለም። አስታማሚን ላለማስጨነቅ ሕመምን መደበቅ ደግነት ይመስላል፤ በማግሥቱ ግን በሌሊት ታክሲ ፍለጋ ሆኖ ይመለሳል። ሁለተኛው ሥራ የራስን ድርሻ መጠበቅ ነው፤ የተለካውን ውኃ፣ የተቆጠረውን ኪኒን። ሦስተኛውና ከባዱ ሥራ ሪቻርድ ያደረገው ነው፤ አስታማሚን መልቀቅ። «ዛሬ ቤትሽ እደሪ፤ ልጆችሽን እዪ» ማለት ከምስጋና የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያደርግ ታማሚ ሸክም አይደለም፤ የማስታመሙ ሥራ ባልደረባ ነው።

በአስታማሚውም በኩል ያለው ፍትሕ ሊታይ ይገባል። በብዙ ቤት አስታማሚ የምትሆነው ሴት ናት፤ እናት፣ ሚስት፣ ወይም ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ። ወንድሞቿ ገንዘብ ይልካሉ፤ እርሷ ዕድሜዋን ትልካለች። እርሷን «ጻድቅ ናት» ብሎ ማመስገን ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ምስጋናው ተራ ላለመያዝ የሚቀርብ ማመካኛ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የሚናገረው ይህንኑ ነው። ታማሚው «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለው ሁልጊዜ እውነቱን ነው ማለት አይደለም፤ ሎሚው በአንድ ሰው ጉያ ሲታጨቅ እያየ ግን ሌላ ቃል ከየት ያምጣ? ሸክሙን የሚያከብደው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን አከፋፈሉም ነው።

እድር የተመሠረተው ለቀብር ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ለሐዘን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመን አንዳንድ እድሮች ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለታመመም መድረስ እንደሚቻል አሳይተዋል። በኬንያ ጎረቤትና ወዳጅ ሀራምቤ ጠርቶ የሆስፒታል ሂሳብ ሲያዋጣ ይታያል። ናይሮቢ፣ ካምፓላ ወይም ጅቡቲ ላይ የታመመ ስደተኛ እናቱና እህቱ በሩቅ አገር ናቸው፤ አስታማሚው አብሮት የሚከራየው ጓደኛ ወይም የጎረቤቱ ኬንያዊት ትሆናለች። እዚያ የዘመድ ዕዳ የሚባል የለም፤ ሰው ግን ይታመማል፤ ሰውም ያስታምማል። የማስታመም መሠረቱ ዕዳ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ስለዚህ ታማሚ ባለዕዳ አይደለም። ባለድርሻ ነው፤ አስታማሚውም እንዲሁ። ዕዳ ካለ ያለው በሦስተኛው ዓመት ደጁን ባልረገጡት ላይ ነው። እርሱም ቢሆን ለመክፈል አይከብድም፤ ከመሄድ በፊት ደውሎ ምን መብላት እንደሚችል መጠየቅ፣ ሲደርሱ ከታማሚው ጋር ስለ ሌላ ነገር መጫወት፣ አስታማሚዋንም «ሂጂ፤ ዛሬ እኔ አድራለሁ» ማለት ነው።