ሰሌዳ ይዋሻልን?

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ እያካፋ፣ አንዲት እናት የታመመ ልጅ አዝለው ከአንድ የብረት ሰሌዳ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ሰሌዳው «ጤና ጣቢያ 300 ሜትር» ይላል፤ ቀስቱም ወደ ግራ ያመለክታል። እናት በቀስቱ ሄደው፣ ጤና ጣቢያው ወደ ሌላ ሰፈር ከተዛወረ ዓመታት ማለፋቸውን ሰምተው መመለሳቸው ነበር። «ልጄ፣ ያነበበልኝ ሰውዬ ምን ያድርግ፤ የተጻፈውን ነው የነገረኝ» አሉኝ። ታክሲ ይዘን ወደ አዲሱ ቦታ ሄድን። አልሐምዱ ሊላህ፣ ልጁ ድኗል።

ታዲያ እኚህን እናት የዋሻቸው ማነው? ያነበበላቸው ሰው አልዋሸም። ሰሌዳውን ያስተከለው መሥሪያ ቤትም በተከለበት ቀን የጻፈው እውነቱን ነበር። ማንም ሳይዋሽ ግን ውሸቱ መንገድ ዳር ቆሟል።

በአፍ የተነገረ ቃል ከተናጋሪው ጋር ይሄዳል። ሰሌዳ ግን ባለቤቱ ጥሎት ከሄደ በኋላም መናገሩን አያቆምም። ሰደቃ ጃሪያ ሰው ከሞተ በኋላም አጅሩ እንደሚቀጥል እናውቃለን፤ ተክለነው የተውነው ነገር የሚያስከትለው ጉዳትስ ለምን ከእኛ ይቆረጣል ብለን እናስባለን?

ከተማችንን ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። የስልክ ቁጥር በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲለወጥ፣ የአዲስ አበባ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ከአገልግሎት ውጭ ሆነ፤ ያንኑ ቁጥር የያዙ የቆርቆሮ ሰሌዳዎች ግን ጥግ ጥጉን ላየ ዛሬም አይጠፉም። ቀበሌ በወረዳ ከተተካ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም የቀበሌው ጽሑፍ በየአጥሩ አለ። ከከተማ ሲወጣ ደግሞ የፕሮጀክት ሰሌዳ ነው፤ አሠሪ፣ ተቋራጭ፣ አማካሪ፣ የሚጠናቀቅበት ቀን። ቀኑ ካለፈ ቆይቷል፤ ሥራው አንዳንዱ አልቋል፣ አንዳንዱ አልተጀመረም። የመሠረት ድንጋዩንማ ተዉት፤ ስንቱ ድንጋይ በእብነ በረድ አምሮ የከብት ማከኪያ ሆኖ ቀርቷል!

ኢስራፍ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የሠርግ ድግስና የሚደፋ ምግብ ነው። ብረቱ፣ ሲሚንቶው፣ ቀለሙ ግን የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ አማና ነው። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እኛ እንቅፋት ስንባል ድንጋይና እሾህ ብቻ ይታየናል። ድንጋይ እግር ያደማል፤ የማይሆን ቀስት ግን የታመመ ልጅ ያዘለችን እናት መንገድ ያስታል። የቱ ይከፋል?

«የሰፈሩ ሰው እንደሆነ ቦታውን ያውቀዋል፤ ሰሌዳ ማን ያያል?» የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው። ሰሌዳን የሚያምነው እንግዳው፣ ከገጠር የመጣው፣ የሚጠይቀው ዘመድ የሌለው ነው። ይህ ሰው ኢብኑ ሰቢል ነው፤ ሸሪዓ ከዘካ ድርሻ ከሰጣቸው ስምንቱ አንዱ።

እኛስ ብንሆን? ግንባታው አልቆ ሶላት በሚሰገድበት መስጂድ ደጃፍ የግንባታ መዋጮ የሚጠይቅ ባነር ዛሬም ተሰቅሎ አይቻለሁ። የረመዳን መልካም ምኞት ተቀዳዶ እስከ ዓረፋ ይንጠለጠላል፤ የአላህ ስም ያለበት ቁራጭ ጭቃ ላይ ወድቆ ጫማ ሲያልፍበት ያየንም ዝም እንላለን። ለመስቀሉ ጊዜ ጀመዓው መሰላል ይዞ ይሻማ ነበር። ለማውረዱ ማን ይምጣ?

ስለዚያ የጤና ጣቢያ ሰሌዳ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። የተቀበለኝ ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር። «ለመትከል በጀት ይያዛል፤ ለማንሳት የሚባል በጀት የለንም» አለኝ። ሰሌዳው እስካሁን እዚያው ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ባለሱቅ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ በሲባጎ አስሮታል። ነፋስ ሲመታው ይገለጣል፤ እሱም ደንበኛውን አስቁሞ ይወጣና መልሶ ያስረዋል።