ክሬም ወይስ ቤዥ?

ለሳሎን ግድግዳ ክሬም ይሻላል ወይስ ቤዥ? ምን ልዩነት አለውና ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! ቀለም ከቆርቆሮው ብቻ አይወጣም፤ ግማሹን የሚያመጣው ብርሃን ነው። ማታ በቢጫ አምፑል ሥር ክሬሙ ቅቤ ይመስላል፣ ቤዡም ይሞቃል። ቀን ሲደምን ያው ቤዥ ጭቃ ጭቃ ይላል። ታዲያ እውነተኛ መልኩ የቱ ነው? ኒውተን በ1704 እ.ኤ.አ. ስለ ጨረር ጻፈ፤ ጀርመናዊው ጎተ በ1810 ዐይንን ጨመረበት፤ ቤት የሚውለው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። እኛ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ብዙዎቻችን የምንገባው ማታ ነው፤ ከግድግዳው ጋር ተፋጣ የምትውለው እናት ናት። «እናንተን ደስ ካላችሁ» ብትል እንኳ ፈቃድ ነው ብለን አንቀበልም፤ እናት መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች? ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀቡና ይድረቁ፤ ጠዋትም ቀትርም ትያቸውና ትፍረድ። እኛ እንደሆን አምፑል መለወጥ እንችላለን።