የስንብቱ ጠዋፍና የሻንጣው ሚዛን

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይሁን።

ስለ ሐጅ አጀማመር ብዙ ተጽፏል። ኢሕራም ከየት እንደሚታሰር፣ ዐረፋ ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ ጠጠር መቼ እንደሚወረወር ለሐጃጆች ከመነሳታቸው በፊት ይነገራቸዋል፤ መልካም ነው። ስለ መጨረሻዋ ቀን፣ ማለትም ከመካ ተነስተው በጅዳ በኩል ወደ አገራቸው ስለሚበሩባት ቀን ግን የሚያስተምር ጥቂት ነው። ብዙው ሰው የሚሳሳተው ደግሞ በዚህች ቀን ነው።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ከመካ ሲወጡ የመጨረሻ ሥራቸው በቤቱ ዙሪያ ጠዋፍ ማድረግ እንዲሆን አዘዋል። የወር አበባ ላይ ላለች ሴት ይህ ግዴታ ቀሎላታል። ከኢብኑ ዐባስ የተላለፈውን ይህን ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በዚህም መሠረት የስንብት ጠዋፍ በሐነፊ፣ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀብ ዋጂብ ሲሆን የተወው ሰው በግ ማረድ አለበት። በማሊኪያዎች ዘንድ ሱንና ነው።

እዚህ ላይ «የመጨረሻ» የምትለዋን ቃል እናስተውል። ዛሬ የምናየው ምንድን ነው? አውቶቡሱ ነገ ከዐስር በኋላ የሚነሳ ከሆነ ሐጃጁ ጠዋፉን ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ይጨርሳል። «ተገላገልን!» ይባላል። ከዚያ የነገው ቀን ሙሉ ለገበያ ይውላል። ታዲያ የመጨረሻው ሥራ ጠዋፉ ነው ወይስ ገበያው? የሻፊዒ ዑለማዎች ነገሩን በሚገባ ለይተውታል። ከጠዋፉ በኋላ ስንቅ ለመግዛትና ጓዝ ለማሰር የቆየ ሰው ጠዋፉ አይበላሽበትም። ሸቀጥ ለመግዛት፣ ዕዳ ለመክፈል ወይም ወዳጅ ለመጠየቅ የቆየ ግን ጠዋፉን መድገም አለበት። ስንቶቻችን ደግመናል?

ንግድ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። በሐጅ ወቅት የአላህን ችሮታ መፈለግ ወንጀል እንዳልሆነ ሱረቱል በቀራ ውስጥ ተገልጿል። ይግዙ፤ ግን ቀድመው ይግዙ። ዐረቦች በጃሂሊያ ዘመን ሐጁን ሲጨርሱ ተሰብስበው በአባቶቻቸው ይፎክሩ ነበር፤ አላህም በዚያችው ሱራ፣ ሥራችሁን ስትፈጽሙ አባቶቻችሁን ከምታወሱት በበለጠ እኔን አውሱ ሲል አዟቸዋል። እኛ በአባቶቻችን መፎከሩን ትተን በሻንጣችን ክብደት ያዝነው። ዳግም መመለሱንስ ማን አረጋገጠልን? እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት ከውጭ አገር አንድም ሐጃጅ እንዳልገባ አንርሳ።

ፍርዱ ግን በሐጃጁ ላይ ብቻ መሆን የለበትም። እኒያን አሮጊት እናት ወደ ገበያ የሚገፋቸው ማነው? እኛው እቤት የቀረነው ነን! ለጎረቤት መስገጃ፣ ለአማች ሽቶ፣ ለልጅ ልጆች ጀለቢያ፣ ለዕድር አባላት ሙስበሃ የሚል ዝርዝር አስይዘን እንልካቸዋለን። ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ «ሐጅ ሄደው ምንም አላመጡም» እንላለን። የሚያመጡት መስገጃም ብዙውን ጊዜ ቻይና የተሠራ፣ መርካቶ አንዋር መስጂድ ዙሪያ የሚሸጥ ነው። እሱን ለመሸከም ነው የካዕባ አጠገብ የመጨረሻ ሰዓታቸውን የሚያጡት።

ከዚያ ጅዳ ይደረሳል። እ.ኤ.አ. በ1981 በተከፈተው፣ ጣሪያው ድንኳን በሚመስለው የሐጅ ተርሚናል ውስጥ ሚዛኑ ይጠብቃል። ትናንት ሙልተዘም ላይ ሲያለቅሱ ያየኋቸው አንድ አባት ሻንጣቸውን መሬት ላይ ዘርግፈው ስለ ጥቂት ኪሎ ከሠራተኛው ጋር ሲሰዳደቡ ዓይኔ አይቷል። «ሐጁ አልቋል እኮ» ይባል ይሆናል። ዑለማዎቻችን ግን የተወደደ ሐጅ ምልክቱ ከሄዱበት ተሽለው መመለስ ነው ይላሉ። ዘምዘምም በሻንጣ ውስጥ መክተት የተከለከለ መሆኑ እየታወቀ በልብስ ጠቅልሎ የሚደብቅ አለ። የተፈቀደው አምስት ሊትር አይበቃም? በተባረከ ውሃ ማጭበርበር ምን ይባላል!

በዚህች ቀን ሌላም ፈተና አለ፤ እንደኔ እንደኔ ከሁሉ ይከብዳል። በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ሐጃጅ ሊሄድ ነው ሲባል ይመጣሉ። አንዷ ለእናቷ መድኃኒት፣ ሌላዋ ለታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ገንዘብ ትይዛለች። «አባባ፣ ይቺን ብቻ ያድርሱልኝ» ትላለች። አንዳንዱ ለራሱ መስገጃ ቦታ እንዳያጣ ብሎ ዞር ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ሳያይ ይቀበላል፤ ይህም ስህተት ነው፤ በሳውዲ አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር እስከ ሞት የሚያስቀጣ መሆኑ ይታወቃል። ልጄ ሆይ፣ ፍቺውና አሳዪኝ ማለት ነውር አይደለም። አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ጽፎ መቀበል ነው። አምስት መስገጃ ቀንሶ የአንዲትን እናት መድኃኒት መጫን ከሐጁ ሥራ ውጪ መስሎ የሚታየው ማን ነው? ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ገንዘቡን ተቀብሎ አገር ቤት ከገባ በኋላ «እስቲ እንግዳው ይቅለልና» እያለ ወር የሚያቆይ ሐጂ መኖሩ ነው። አማና የተጣለበት ሰው በደስታው አይሳበብም።

አያቶቻችን በምጽዋ በኩል በመርከብ ብዙ ተንገላተው ይመለሱ ነበር። እኛ ከጅዳ ቦሌ ከሁለት ሰዓት ብዙም የማይበልጥ በረራ ነው ያለን። ሶሓባዎች ዳገት ሲወጡ ተክቢራ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ተስቢሕ ይሉ እንደነበር ጃቢር አስተላልፈዋል። አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሳ «አላሁ አክበር»፣ ወደ ቦሌ ሲያዘቀዝቅ «ሱብሐነላህ» ብንል ሱንናውን እንይዘዋለን። አብዛኞቻችን ግን በዚያ ሰዓት ስለ ቀረጥ ነው የምናወራው።

መቀበሉም ቢሆን መልካም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጉዞ ሲመለሱ የቤተሰባቸው ልጆች ይቀበሏቸው ነበር፤ እዚሁ ሐበሻ ምድር የተወለደውን ዐብዱላህ ኢብኑ ጀዕፈርን ከፊታቸው አስቀምጠው መዲና እንደገቡ ሙስሊም ዘግበዋል። ሲደርሱ ግን በቅድሚያ መስጂድ ገብተው ሁለት ረከዓ ይሰግዱ ነበር። ጥሩምባ እያስነፋን ሐጂውን በቀጥታ ወደ ድግሱ ድንኳን የምንወስድ ሰዎች መኪናውን በሰፈሩ መስጂድ በኩል ብናዞረው ምን ይጎድልብናል? ከዚያ እቤት ተገብቶ ሻንጣው ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው የዚያች ልጅ የእናቷ መድኃኒት ይሁን፤ መስገጃው ነገም ይታደላል።