«አላየሁትም» ማለት ከበደል ያነጻልን?



ከወረታ ከተማ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳና የሩዙን ማሳ አቋርጦ ወደ ምዕራብ የወረደ ሰው በመጨረሻ ከጣና ሐይቅ ዳር ይደርሳል። በዚያ ዳርቻ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ዛሬም የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ዓሣ ይሰገርበታል፣ እንጨትና እህል ይጫንበታል፤ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱትም ከመንደር ወደ መንደር ይሻገሩበታል። ነገር ግን ታንኳ ከውሃው እምብዛም ከፍ አይልም፤ መልኩም ከዳርቻው ደንገል አይለይም። ሞተር የሌለው በመሆኑም የቀዛፊው ክንድ ከሚችለው በላይ ሊፈጥን አይችልም። በዚሁ ሐይቅ ላይ ደግሞ የሞተር ጀልባዎችና ሰውና ጭነት የሚያመላልሱ ትልልቅ ጀልባዎች ይመላለሳሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባሕር ዳር ተሳፍሬ ወደ ደሴቶቹ እሄድ ነበር። ጊዜው ማለዳ ነበርና ፀሐይ ከፎገራ በኩል ወጥታ ውሃውን ዓይን እስኪያጥበረብር ድረስ ታብለጨልጨው ነበር። እኔ ከነጂው አጠገብ ተቀምጬ አወጋው ነበር፤ እርሱም እኔን ለማክበር ፊቱን መለስ እያደረገ ይመልስልኛል። በድንገት ጩኸት ሰማን። እንጨት የጫነ ታንኳ በቀኛችን በኩል ነበር። አልነካነውም፤ ጀልባችን ያስነሣው ማዕበል ግን ገለበጠው። ነጂው ወዲያውኑ ዞረ፣ ሰውዬውንም ስበን አወጣነው፤ እንጨቱ ግን ተበትኖ ቀረ። ነጂው ደንግጦ «አላየሁህም ወንድሜ፣ አላየሁህም» ይል ነበር። ሰውዬውም ልብሱን እየጨመቀ፣ «እኔስ አይቻችሁ ነበር፤ ግን ወዴት ልሂድ?» አለን።

የባሕር ሰዎች በዚህ ጉዳይ ብዙ አስበዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. ተዘጋጅቶ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት፣ በባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በሞተር የሚሄድ መርከብ በሸራ ለሚሄደው መንገድ እንዲለቅ ያዛል። ሸራ ነፋስ እንደ ፈቀደለት ይሄዳል እንጂ እንደ ልቡ ሊዞር አይችልምና። እንግዲህ ግዴታው የሚመዘነው በመቻል ነው። ከዚህም የተነሣ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ትእዛዙ ይገለበጣል፤ ግዙፉ መርከብ ከጥልቁ መስመር መውጣት በማይችልበት ስፍራ ትንሹ ጀልባ እንዳያሰናክለው ታዟል። መብቱ የተጠበቀለትም ቢሆን፣ የሌላው መዞር ብቻውን ግጭቱን እንደማያስቀር ሲያይ «መብቴ ነው» ብሎ ዝም ሊል አይፈቀድለትም። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ግዴታ ተቀምጧል፤ ይኸውም ማንኛውም መርከብ ሁልጊዜ በዓይንም በጆሮም ነቅቶ ይጠብቅ የሚለው ነው። ይህ ለትልቁ እጅግ ከባድ ነው። በትልቅ መርከብ ላይ ነጂው ከፍ ብሎ ስለሚቆም ከአፍንጫው ሥር ያለው ውሃ ይሰወርበታል። ስለዚህ ነው አዳዲስ ትልልቅ መርከቦች ሲሠሩ ከፊታቸው የሚሰወረው ውሃ ከመርከቡ ርዝመት ሁለት እጥፍ ወይም ከ500 ሜትር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው እንዳይበልጥ የተወሰነው።

ጣና መርከብ በሚያስኬድ ውሃ ከባሕር ጋር የተያያዘ አይደለምና ይህ የባሕር ደንብ በቀጥታ አይደርስበትም። ታዲያ እዚያ ያለውን ነጂ የሚያስረው ምንድን ነው?

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ አለማወቅ ሲያስተምር አንድ ምሳሌ ይሰጣል። አንድ ሰው ተገቢውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጎ ቀስት ቢወረውር፣ በመንገድም የሚመጣ ሰው መኖሩን ሳያውቅ ቢገድለው፣ ያ አለማወቅ ከፈቃዱ የመነጨ አይደለም። ማወቅ የሚችለውንና ማወቅ የሚገባውን ሳያውቅ የቀረ ግን አለማወቁ ራሱ ከፈቃዱ ይቈጠራል። በሴሚናሪ ይህን ስንማር ሊወገድ የማይችልና ሊወገድ የሚችል አለማወቅ ብለን በቃላችን ይዘነው ነበር፤ እኔም በፈተና ላይ ጥሩ መልስ የሰጠሁ ይመስለኛል። በዚያ ማለዳ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም።

ነጂው ውሸታም አልነበረም፤ በእውነት አላየም። ያላየውም ስላልተመለከተ ነው፤ ያልተመለከተውም እኔ ስለማወጋው ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተጠቀሰው ባለጠጋ አልዓዛርን እንደ መታው ወይም እንዳባረረው አልተጻፈም። በደጁ ተኝቶ ሳለ በየቀኑ ወጥቶ ይገባ ነበር፣ ያ ብቻ። እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሕፃናትንና ጐልማሶችን ለምሥጢረ ንስሐ ስታዘጋጁ «ምን አደረግሁ?» ብለው እንዲጠይቁ ታስተምራላችሁ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወደ የት ሳልመለከት ቀረሁ ብሎ ኅሊናውን የሚመረምር ተናዛዥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ አላጋጠመኝም።

ታንከኛውም ቢሆን የራሱ ድርሻ አለው። የባሕሩ ደንብ በመቅዘፊያ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ ሌላ መብራት ባይኖረው በሌሊት የእጅ ባትሪ ይዞ ግጭት ሳይደርስ በጊዜ እንዲያሳይ ይጠይቃል። ይህን ለዓሣ አስጋሪዎቻችን መንገር ይገባል። ይሁን እንጂ ምክራችን ሁሉ ለታንከኛው ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ደካማውን መምከር ለሁላችንም ይቀለናልና። እምቦጭ አረም በ2011 እ.ኤ.አ. ገደማ በሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ያለውን ዳርቻ፣ የፎገራንም ጭምር፣ ሲወር ኖሯል። ዳር ዳሩን ይዞ መሄድ የለመደ ታንከኛ አረሙ መንገዱን ሲዘጋበት ወደ ጥልቁ፣ ጀልባዎች ወደሚያልፉበት፣ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ባትሪ ቢይዝስ፣ የጀልባው ሰዎች ፊታቸውን ወደ እርስ በርሳቸው ካዞሩ ማን ያይለታል?

ለሰውዬው የእንጨቱን ዋጋ ከነጂው ጋር ተካፍለን ከፈልን፤ ተቀበለን፣ ታንኳውንም አቃንቶ ሄደ። ቀሪውን መንገድ ነጂው ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም፤ እኔም አላነጋገርሁትም። ስለ ምን ስናወጋ እንደነበር እስካሁን አልረሳሁትም። ስለ ወረታ ገበያ የሩዝ ዋጋ ነበር።