አያቴ ምንጭ አይደሉምን?



በፔታሕ ትክቫ ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ «ዐቮዳት ሾራሺም» የሚባለውን የትምህርት ቤት ሥራ ያውቀዋል። ልጁ አያቶቹን እየጠየቀ የትውልድ ሐረጉንና ወገኖቹ የመጡበትን ቦታ ይጽፋል። አንድ የዘመዴ ልጅ በዚህ ሥራ ላይ ሳለ የገጠመው ነገር ብዙ አሳሰበኝ።

ሴት አያቱ የተወለዱት ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በወለቃ ነው። ልጁ ግን ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበት በሚችል አንድ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ መንደሯን ሲፈልግ ያገኛት «የፈላሻ መንደር» ተብላ ነው። ይህ ስም ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ልጁ ተናዶ ሰረዘው። በማግስቱ አንድ የማያውቀው ሰው ስሙን መልሶ ጻፈና «ምንጭህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። «አያቴ ናቸው» አለ። «አያት ምንጭ አይሆንም» የሚል መልስ መጣለት።

እኔ በመጀመሪያ ያለ ማመንታት ከልጁ ጋር ቆምሁ። ጥቂት ቀን ካሰብሁበት በኋላ ግን ሁለት ነገር ተደባልቆ አገኘሁት። አንድ ቦታ በማን፣ መቼ፣ ምን ተብሎ ተጠራ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ እንዲያ መጠራቱ ተገቢ ነውን የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ወለቃን ጎብኚዎች በዚያ ስም መጥራታቸው እውነት ነው። ስሙን ከመዝገብ ብንፍቀው በዚያ ስም መሰደባችንም አብሮ ይፋቃል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው የሃይማኖት ጽሑፎቻችን ትርጉም እንኳ በርእሱ የያዘው ያንኑ ስም ነው፤ ስሙን የማያውቅ የልጅ ልጅ መጽሐፉን ፈልጎ አያገኘውም። ስለዚህ መሰረዙ ስሕተት ነበር። ስሙን የገጹ ርእስ ማድረግ ግን ከዚያ የባሰ ስሕተት ነው። ነዋሪዎቿ ወለቃ ያሏት መንደር ርእሷ ወለቃ ነው፤ ሌላው ስም በውስጥ፣ ማን እንዳወጣውና ባለቤቶቹ እንደማይቀበሉት ተገልጾ ይቀመጥ።

እንዲህ ያለው ጠብ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለችውን የፖላንድ ከተማ አንዱ ግዳንስክ፣ ሌላው በጀርመንኛ ዳንትሲግ እያለ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲፍቅ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ድምፅ ተሰጠበት። ከ1308 እስከ 1945 ላለው ታሪክ ዳንትሲግ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ላለው ግዳንስክ እንዲባል ሆነ። እውነት በድምፅ ብልጫ አይገኝም የሚል ካለ ልክ ነው፤ ቢሆንም ለእያንዳንዱ ዘመን የራሱን ስም መስጠቱን ወድጄዋለሁ። በኢትዮጵያም ቢሾፍቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ዘይት፣ አዳማም ናዝሬት ተብለው ኋላ ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል። (ዋናው ደብረ ዘይትና ዋናዋ ናዝሬት ያሉት እኛ ካለንበት አገር ስለሆነ፣ ዘመድ ደውሎ «ናዝሬት ነኝ» ሲል በአውቶቡስ የሚደረስበት ይመስለናል።)

የራሳችንም ከተማ ከዚህ ጥያቄ አታመልጥም። ፔታሕ ትክቫ የሚለው ስም ከትንቢተ ሆሴዕ የተወሰደ ሲሆን «የተስፋ በር» ማለት ነው። መሥራቾቿ በኢያሪኮ አጠገብ በአኮር ሸለቆ መሬት ለመግዛት አስበው ስላልተሳካላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1878 እዚህ ገዝተው ያንኑ ስም ሰጡት። መሬቱ ግን ስም አልባ አልነበረም፤ ሙላቢስ የምትባል የዐረብ መንደር ነበረችበት። ይህን በማንሣቴ ቅር የሚለው ወገን እንዳለ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ሌላ ሰው ያወጣልን ስም የሚያቆስለን እኛ ሙላቢስ የሚለውን ባየን ጊዜ ለመፋቅ ብንቸኩል፣ ስለ ወለቃ በምን አፍ እንከራከራለን?

ይበልጥ የከበደኝ የአያቲቱ ነገር ነው። «የታተመ ምንጭ አምጣ» የሚለው ደንብ ክፉ አይደለም፤ የእኒህን እናት ቃል የሚያግደው ደንብ የውሸተኛውንም ቃል ያግዳል። ሆኖም ስለ ቤተ እስራኤል ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚጠቀሱት እነማን ናቸው? እ.ኤ.አ. በ1790 መጽሐፉን ያሳተመው ጄምስ ብሩስ፣ ከዚያ ጆሴፍ ሃሌቪ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ኢትዮጵያ የሄደው ዣክ ፋይትሎቪች ናቸው። ወዳጅ የሆነልንም ያልሆነልንም ሁሉም እንግዳ ነው። የቄሶቻችንና የሽማግሌዎቻችን ዕውቀት የኖረው በአፍ ነው። እንግዲህ ደንቡ ለሁሉም እኩል ቢሆንም ሸክሙ እኩል አይደለም። ይህ በደል ነው፤ ግን ሌላው የጻፈውን እየዞሩ በመሰረዝ አይታረምም። ያልተጻፈውን ጽፎ ማሳተም ያስፈልጋል፤ ለዚህም እንደዚህች ያለች ትንሽ የማኅበር መጽሔት እንኳ ትበቃለች።

ልጁን ይህንኑ መከርሁት። እርሱም የአያቱን ቃል በስልኩ ቀረጸ። አያቲቱ ውኃ ይቀዱበት የነበረውን ወንዝ በአንድ ስም ጠሩት፤ በረሖቮት የሚኖሩት ወንድማቸው ሲጠየቁ በሌላ ስም ጠሩት። ልጁ ማን የቱን እንዳለ ለይቶ ሁለቱንም ጽፏል። አያቲቱ ግን «እሱ ከብት ነበር የሚጠብቀው፣ መች ውኃ ቀድቶ ያውቃል?» ብለው እስካሁን አልተቀበሉትም።